ድባቴ ሲጀምር ምን ይመስላል? ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከሥራ ቦታዬ ይልቅ ብዙ የምጠየቀው መንገድ ላይ ነው፦ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ መርካቶ ሽንኩርት ስመርጥ። «ሲስተር፣ አንዴ ላናግርሽ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለአንድ ጎረቤቴ ነው» ይሉኛል። ጎረቤትየው ብዙ ጊዜ ራሱ ጠያቂው ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ማወቄን ያውቃል። እነዚያን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መለስኳቸው፤ ጠያቂዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ድብርት የማይዘው ሰው አለ እንዴ? በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

የለም። እኔንም ይይዘኛል፤ በተለይ ሐምሌ ላይ፣ ጅማ ፀሐይ ሳታይ ስትከርም። እንዲህ ያለው ሰማዩ ሲገለጥ ወይም ጨዋታ አዋቂ ሰው ሲመጣ ይለቃል። ድባቴ የምንለው ሕመም ግን በዚህ አይለቅም። ልጅ ተመርቆ ቤቱ ሲደምቅ እንኳ እልልታው ወደዚያ ሰው ውስጥ አይገባም።

የምንጠቀምበት መለኪያ ሁለት ሳምንት ነው። ምልክቶቹ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ከቆዩና ሥራ ወይም የቤት ኑሮ ካስተጓጎሉ መታየት አለባቸው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ለየት ይላል። ያለቅሳል፣ ምግብ እምቢ ይለዋል፣ የሟቹን ጨዋታ ሲያነሱለት ግን በእንባው መሐል ይስቃል። ድባቴ ውስጥ ያ ሳቅ የለም፤ በምትኩ «እኔ ለማንም አልረባም» የሚል ራስን መናቅ አለ። ስሙ ላይ አልከራከርም። ድብርት በሉት፣ ድባቴ በሉት፣ በአፋን ኦሮሞ ሙካኡ በሉት፣ ካርድ ክፍል ላይ በስም የሚመልሳችሁ የለም።

የመጀመሪያው ምልክት ማዘን ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። በሥራ ዘመኔ «አዝኛለሁ» ብሎ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የሚመጣው «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «ጨጓራዬ»፣ «ወገቤ»፣ «ሰውነቴ ዛለ» እያለ ነው። ሽንት ተመርምሯል፣ ደም ሰጥቷል፣ አልትራሳውንድ ተነሥቷል። «ምንም የለብህም» ሲባል ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም እሱ ያመዋል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ ድባቴ በሰውነት በኩል ነው የሚናገረው።

ቀጥሎ እንቅልፍ ነው። ተኝቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል፤ ጣራውን እያየ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ያጠፋውን እየቆጠረ ያነጋል። ጠዋቱ ከቀኑ ሁሉ ይከብደዋል፣ ወደ ማታ ትንሽ ይሻለዋል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው እንቅልፍ አይጠግብም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ግን ቡናውን ነው። አንዲት ሴት ለቡና ስትጠራ «ራሴን አሞኝ ነው» ብላ ትቀራለች። በሌላ ቀን ልጇን ትልካለች። ጎረቤትም ትንሽ ቅር ይለውና መጥራቱን ይተዋል። አንድ ወር ሳይሞላ የራሷ ረከቦት ጥግ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ጅማ ውስጥ፣ የቡና አገር ላይ፣ ቡና ማፍላት የተወ ቤት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ወንዱም እንዲሁ ነው፦ ከእድር ስብሰባ ይቀራል፣ ጁምዓ መስጊድ መሄድ ይተዋል፣ ቅዳሴ ይቀራል፣ የሚወደውን ኳስ እየታየ ፊቱን ያዞራል። ስሜቱ ሲጠየቅ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ እውነትም ሌላ ቃል የለውም። ይወደው የነበረው ነገር ጣዕሙ ጠፍቶበታል።

ከዚህ ሌላ የምንጠይቃቸው፦ ምግብ መጥላት ወይም ያለ ልክ መብላት፣ ምንም ሳይሠሩ መድከም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል (ሱቅ ሄዶ ምን ሊገዛ እንደመጣ መርሳት)፣ ንግግርና እርምጃ መጎተት ወይም መቁነጥነጥ፣ ያለ ጥፋት ጥፋተኛ መሆን፣ ሞትን ማሰብ። ሁሉም አንድ ላይ እስኪመጡ አትጠብቁ።

ባለቤቴ አያዝንም፣ ይቆጣል እንጂ። ይሄም ድባቴ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገ ሰው እንባው በቁጣ ነው የሚወጣው። ሳህን ይወረውራል፣ በልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ አምሽቶ ይገባል፣ መጠጥ ያበዛል፣ ከዚያ ለቀናት ዝም ይላል። «ድሮ እንዲህ ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ድሮም እንዲሁ ከነበረ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት የተለወጠ ከሆነ ግን መመርመር አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታሞም ቢሆን እጁን የሚያነሣብዎት ከሆነ፣ እሱን ከማሳከምዎ በፊት እርስዎና ልጆቹ ደህና ቦታ መሆን አለባችሁ።

ስቅም ይሻለኛል። ታዲያ ጫቱ መድኃኒቴ አይደለም?

ይህ የጅማ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስህ።

ይሻልሃል፣ አልዋሽህም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ምርቃናው ሲመጣ ድካሙ ይጠፋል፣ አንደበት ይፈታል፣ ሊሠራ የታሰበው ሁሉ የሚሠራ ይመስላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሲወርድ ከነበርክበትም ዝቅ አድርጎ ያወርድሃል፦ ዝምታ፣ ብስጭት፣ ባዶነት። እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ለማምጣት ቸብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ ይገባል። ጠዋት ደግሞ ሰውነት እንደ ጨርቅ ነው፤ የሚያነሣው ሌላ ጫት ብቻ ይመስላል። ምግብም በዚህ መሐል ተረስቷል። እንግዲህ የድባቴን ምልክቶች ቁጠራቸው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መቀነስ፣ ድካም፣ ብስጭት። ጫቱ ብቻውን ሁሉንም ሊያመጣ ይችላል።

«ድባቴው ነው ጫት ያስጀመረኝ ወይስ ጫቱ ነው ድባቴ ያመጣብኝ?» ለሚለው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን እየመገበ ነው የሚሄደው። ደግነቱ ለመታከም መጀመሪያውን ማወቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እውነቱን መናገር ነው። ምን ያህል እንደምትቅም፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከምን ጋር እንደምትቀላቅል ለሚያክምህ ሰው ሳትቀንስ ንገረው። «አልፎ አልፎ» የሚለው መልስ እኛን አያስቆጣም፣ መድኃኒቱን ግን ያሳስታል። ካልቻልክ በአንድ ቀን ተወው አልልህም። ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት፣ ቀናቱን መቀነስ፣ ሳይበሉ አለመቃም፣ ቸብሲውን መተው፣ ከዚህ መጀመር ይቻላል። ጫት አልተውክም ብሎ ከሕክምና ያባረረህ ባለሙያ ካለ ሌላ ፈልግ።

የሰው ዓይን ነው፣ ሲሕር ነው፣ መንፈስ ነው ይሉኛል። ጸበል ልሂድ ወይስ ሐኪም ቤት?

ሁለቱም። እኔ ጸሎት አላስተውም፤ ሩቅያም፣ ማለትም ቁርኣን እየተቀራ የሚደረገውን ፈውስ፣ አላስተውም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ተስፋ የሚያገኝበትን በር የሚዘጋ ሕክምና ሕክምና አይደለም። የማስቸግራችሁ በሦስት ነገር ብቻ ነው። ጸበል ገባሁ ብሎ ኪኒኑን ማቋረጥ አይገባም፤ ጸበሉን ጠጥቶ ኪኒኑን መዋጥ ይቻላል። የተዳከመን ሰው ከምግብና ከውኃ መከልከል የለም። ማሰርና መምታት ደግሞ በፍጹም።

በጾም ጊዜ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ በረመዳን ወደ ሱሑር ወይም ኢፍጣር፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሚፈታበት ሰዓት ጋር ማስተካከል ይቻላል። በራሳችሁ አታዛውሩት፣ ጠይቁን።

ምንጩን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ብቻ አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ የነበረ ሕመም፣ ሞት፣ ዕዳ፣ ዱላ፣ ብቸኝነት፣ እንደ ስኳርና ኤችአይቪ ያሉ ረዥም ሕመሞች ይገፉታል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም ድባቴን መስለው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ነው አንዳንዴ መጀመሪያ ደም የምናስመረምረው። ድክመት ወይም ኃጢአት ግን ምርመራ ላይ አግኝቼ አላውቅም።

እህቴ ከወለደች ሁለት ወር ሆናት፤ ዝም ብላ ታለቅሳለች። «የአራስ ነው፣ ያልፋል» ይሉናል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መባባት ብዙ እናቶች ላይ የሚታይ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ሁለት ወር የቆየ ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። የአራስ ቤት ችግሩ ሰው መብዛቱ ነው፤ ገንፎው አለ፣ ጠያቂው አለ፣ ሁሉም ሕፃኑን ያያል፣ እናቲቱን የሚያያት የለም። «ልጁን ስታቅፊው ምን ይሰማሻል?» ብለሽ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቂያት። «ምንም» ካለችሽ አትደንግጪ፣ አትውቀሻትም፤ ለክትባት ስትሄዱ እዚያው ለባለሙያው ንገሩት። እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ማጥባቷን ብቻ አትደብቁ። እንቅልፍ ፈጽሞ ካጣች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር መናገር ከጀመረች ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፈተና ነው ወይስ በሽታ?

ፈተናው ካለቀ በኋላም ከቀጠለ፣ ክላስ መግባት ትተህ ዶርም ውስጥ ተጠቅልለህ ከዋልክ፣ ቤተሰብ ስልክ ሲደውል ማንሣት ካስጠላህ፣ ፈተና ብቻ አይደለም። ውጤትህ ወርዶ እስክትባረር አትጠብቅ፤ ቀድሞ የመጣ ተማሪን መርዳት በጣም ይቀላል።

ጅማ ውስጥ የት ነው የምሄደው? አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ የለብኝም?

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ። ድባቴን ለይቶ ማከም በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሠራ የታሰበ አገልግሎት ነው፤ የሚበዛው ሰው ከዚያ ማለፍ አያስፈልገውም። ከበድ ሲል ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። በከተማው ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው፣ ተመላላሽም ተኝቶም የሚታከምበት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ይዘው ይሂዱ፤ ዘለው ከሄዱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ።

350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። ድባቴ አንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየወሩ መመላለስ አለበት። ቅርብ ያለ ተራ ሕክምና ሩቅ ካለ ታዋቂ ሕክምና ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ የሚመጡ ሰዎች «ለቀማው ይለቅና እመጣለሁ» ይሉኛል። ቡናው እንደማይጠብቅ ይገባኛል። ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሦስት ወር ነው፤ በዚህ ጊዜ አልነሣ ያለ ሰው መልቀሙንስ መቼ ይችለዋል?

ገብቼ ምን እባላለሁ? እብድ ብለው ይመዘግቡኛል?

በር ይዘጋል፣ ይቀመጣሉ፣ «ምን ሆነው መጡ?» ይባላሉ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መናገር ይችላሉ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል ጊዜ እንደታየብዎት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ በቀጣዩ ቀጠሮ መሻልዎን የምናይበት ሚዛን ነው።

አንድ ጥያቄ ሊገርምዎ ይችላል፦ «ከዚህ በፊት ያለ መጠን ደስ ብሎዎት፣ እንቅልፍ ሳያስፈልግዎ፣ ገንዘብ እየበተኑ ያሳለፉት ጊዜ ነበር?» እንላለን። መልሱ አዎ ከሆነ ሕክምናው ይለያል፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ያንን ሁኔታ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል። ሰዎች ይህን ጊዜ እንደ ደህና ዘመናቸው ስለሚያዩት አይናገሩትም። ይናገሩት።

መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል? ዕድሜ ልኬን ልውጥ ነው?

እዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ሱስ አያስይዙም፤ በድንገት ሲቋረጡ ግን ሰውነትን ያስቸግራሉ፣ ስለዚህ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሱት። ዋናው ፈተና መጀመሪያው ነው። ማቅለሽለሽ፣ የአፍ መድረቅ ወይም መፍዘዝ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ መሻሉ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ይዘገያል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፣ ከዚያም «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» ይላል። በተለይ ወጣቶች ላይ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት መቁነጥነጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከባሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መምጣት አለባቸው። ከተሻለዎት በኋላ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ዕድሜ ልክ የሚወስደው ጥቂቱ ነው፣ በተለይ ሕመሙ ደጋግሞ የተመለሰበት።

የጎረቤትን ኪኒን መዋስ፣ በፋርማሲ በኩል ያለ ማዘዣ መግዛት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን ካለፈ ልብ ላይ አደገኛ ነው፤ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ያለ መድኃኒት አይሆንም?

ቀለል ላለው ይሆናል። ምክክር፣ በየቀኑ በእግር መሄድ፣ የመኝታ ሰዓትን ማስተካከል፣ የተተወውን ነገር በትንሽ በትንሹ መመለስ። ለዚያች ረከቦቷን ለተወችው ሴት የምሰጣት የቤት ሥራ «ተደሰቺ» የሚል አይደለም፤ ማክሰኞ አንድ ጎረቤት ጠርታ አንድ ጀበና እንድታፈላ ነው። አቦል ብቻ። ሦስተኛው ይቅር። ደስታው ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው፣ ቀድሞ አይመጣም።

«ሰልችቶኛል፣ ብተኛና ባልነሣ» አለኝ። ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል?

ጠይቂው። በግልጽ፣ ብቻችሁን፣ ሳትጮኺ፦ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ነው የሚተነፍሱት። «ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ ያንን ያውቀዋል፣ ዝም የሚለውም ለዚህ ነው። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል አውጥታችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ከዚያ ባጃጅ ጥሩና ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ቢያስምልሽ እንኳ ይህን ምሥጢር መጠበቅ የለብሽም። ለብዙ ቀን ከብዶት የነበረ ሰው ድንገት ተረጋግቶ ዕቃውን ማከፋፈልና መሰናበት ከጀመረ ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ።

ሰው ቢያየኝስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እውነት ነው፤ ግን የሚደብቅ ሰውም ምክንያት አለው፤ ጋብቻ አለ፣ ሥራ አለ፣ የሰው አፍ አለ። ስለዚህ ለሁሉም ንገር አልልህም። ለአንድ ሰው ንገር። ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ደግሞ ለጉንፋን ይሁን ለድባቴ መምጣትህ ፊትህ ላይ አይጻፍም።

ቤት ውስጥ ምን እንበለው?

«ጠንከር በል»፣ «ምን ጎደለህ?»፣ «ከአንተ የባሰም አለ» አትበሉት። ጎድሎት አይደለም የታመመው። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ምግቡን አቅርቡና አታስገድዱት፣ ከዚያ «ሐሙስ አብረን እንሄዳለን» በሉት። «ብትሄድ ጥሩ ነው» የሚለው አይሠራም፤ ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው ተራ ይዞ ካርድ ማውጣት አይችልም።

ለመሄድ ወስኛለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

ጠዋት ይሂዱ፣ ቁርስ በልተው። የጤና መድኅን ደብተርዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ የቀድሞ የምርመራ ወረቀት ካለ እሱንም። ሁለት ሳምንት ያስቸገረዎትን ነገር ማታ በቁራጭ ወረቀት ይጻፉት፤ እዚያ ሲደርሱ «ደህና ነኝ» ማለት ስለሚመጣ። የሚያምኑት አንድ ሰው ይዘው ይግቡ፣ ከፈለጉ ውጭ እንዲጠብቅዎ ይንገሩት። ካርድ ክፍል ላይ ምን እንዳመመዎት ቢጠየቁ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን ውስጥ ለኛ ይነግሩናል።